«ቅጥረኛ» ያልነውን ተጫዋች ቅጥረኛ ያደረገው ማን ነው?

ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ዜና ስልካችን ላይ ይዘንባል። «እገሌ ከክለቡ ጋር ተለያየ»፣ «እገሌ በአንድ ዓመት ውል ፈረመ»፣ «እገሌ ወደ ቀድሞ ክለቡ ተመለሰ»። ከዜናው ሥር አስተያየቱ ይከተላል፦ «ቅጥረኛ!»፣ «ገንዘብ ያሳወረው!»፣ «ማሊያ የማያከብር!»። አርባ ምንጭም ከዚህ ስድብ ነፃ አይደለችም። አዞዎቹን ለቆ የሄደ ተጫዋች ሦስት ቀን ሳይሞላው፣ ትናንት ሲያጨበጭብለት በነበረው ደጋፊ አፍ ከሃዲ ይሆናል።

ዛሬ ለዚህ «ከሃዲ» ጠበቃ ሆኜ ልቆም ነው። ክርክሬ አጭር ነው፦ ተጫዋቹን በየዓመቱ ሻንጣ የሚያስይዘው የገንዘብ ፍቅር አይደለም። ዕድሜው አንድ የበጀት ዓመት ብቻ የሆነ ክለብ ከአንድ ዓመት በላይ ውል ሊሰጠው ስለማይደፍር ነው። ሻንጣውን ያሸከመው ክለቡ ነው፤ ስድቡን የሚቀበለው ግን ተጫዋቹ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ማን እንደምናወራ እንግባባ። ስለ ኮከቦች አላወራም። ስሙን ጋዜጠኛ አስተካክሎ ስለማይጠራው ተጫዋች ነው የማወራው። ሴቻ ወይም ሲቀላ ሜዳ ላይ አቧራ ለብሶ ያደገ ልጅ ነው። 18 ዓመት ሲሞላው በአንዱ የከተማ ቡድን ተያዘ። አንድ ዓመት ከፍተኛ ሊግ፣ አንድ ዓመት ፕሪሚየር ሊግ፣ ከዚያ ተመልሶ ከፍተኛ ሊግ፣ ሲከፋም አንደኛ ሊግ። ብሔራዊ ቡድን አልተጠራም፤ አይጠራምም። ዕድሜው 28 ሲሆን የለበሳቸውን ማሊያዎች ለመቁጠር የሁለት እጁ ጣቶች አይበቁትም። ደሞዙ ይዘገያል፤ ጉልበቱ ቢጎዳ የሚያሳክመው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ሰኔ ላይ ውሉ ሲያልቅ መስከረም ላይ የት እንደሚያድር አያውቅም። ሊጉን የሞሉት እነዚህ ናቸው። በየሳምንቱ 22 ሰው ሜዳ ሲገባ ከመካከላቸው ኮከብ የምንለው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፤ የቀሩት ኑሯቸው ይህ ነው። እነሱ ባይኖሩ ሊግ የሚባል ነገር የለም።

ለሥራ ብሎ አገር ለአገር መዞር ነውር ከሆነ፣ ይህን የመናገር መብት የመጨረሻው ያለን እኛ ነን። የጋሞ ሽማኔ ከዶርዜና ከጨንቻ ደጋ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ድረስ ዘልቆ ሸማ ሲሠራ ስንት ትውልድ አለፈ? ሙያውን በእጁ ይዞ ሥራ ወዳለበት ሄደ፤ ልጆቹን አሳደገ፤ ለመስቀል ወደ አገሩ ተመለሰ። አንድም የጋሞ ሰው «ጨንቻን ከዳ» ብሎ ሲሰድበው አልሰማንም። እንዲያውም እናከብረዋለን። እንግዲህ ሙያው በእጁ የሆነውን ካከበርን፣ ሙያው በእግሩ የሆነውን የምንሰድበው በምን ሚዛን ነው?

ሚዛናችን እንደተዛባ ሌላም ምስክር ልጥራ። ፍቅሩ ተፈራን ታስታውሳላችሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ቼክ፣ ፊንላንድ፣ ቬትናም፣ ሕንድ ተዟዙሮ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ለአትሌቲኮ ደ ኮልካታ ያስቆጠረው እሱ ነው። ከአገር አገር በዞረ ቁጥር አጨበጨብንለት፤ ማጨብጨባችንም ተገቢ ነበር። ያው ሥራ፣ ያው ሻንጣ ግን ከአርባ ምንጭ ወደ አዳማ ሲሆን ክህደት ይባላል። አውሮፕላን ያሳፈረው ጀግና፣ አውቶቡስ ያሳፈረው ቅጥረኛ!

አሁን ወደ እንግሊዝ ልውሰዳችሁ። ወደ አርሴናልና ማንቸስተር አይደለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በዲኤስቲቪ ወደማናየው ወደ ሦስተኛው እርከን። ጆዜ ሴሜዶ የሚባል ፖርቱጋላዊ አማካይ ነበር። በስፖርቲንግ ሊዝበን አካዳሚ ከክርስቲያኖ ሮናልዶ ጋር ያደገ ልጅ ነው። ጓደኛው የዓለም ኮከብ ሆነ፤ እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ቻርልተን ገባ። ቻርልተን በ2009 ወደ ሦስተኛው እርከን ሲወርድ አብሮ ወረደ፤ እዚያው እስከ 2011 ተጫወተ። ከዚያ ያኔ በዚያው እርከን ወደነበረው ሼፊልድ ዌንስዴይ ሄደ፤ በመጀመሪያው ዓመት አብሮ አሳደገው፤ እስከ 2017ም ቆየ። ጎል አግቢ አልነበረም፤ ኳስ ነጣቂ ነበር። ደጋፊው ግን በስሙ ይዘምርለት ነበር።

ለምንድን ነው ይህን የምነግራችሁ? ሴሜዶ ቃሉ በትክክል ቢተረጎም «ቅጥረኛ» ነበር። የሰው አገር ሰው ነው፤ ለደሞዝ ነው የሄደው፤ የተወለደው ሴቱባል እንጂ ሼፊልድ አይደለም። ነገር ግን ለዓመታት የሚዘልቅ ውል ሲሰጠው፣ ደሞዙም በቀኑ ሲገባለት ሥር ሰደደ፤ በሁለት ክለብ አሥር ዓመት ኖረ። ፍቅር ከደም ብቻ አይመጣም። ነገ የት እንደምታድር ማወቅም ፍቅር ያበቅላል። ከዚያው ከአርባ ምንጭ ምድር የበቀለውን ልጅ ግን በየሰኔው ሥሩን እየነቀልን «ለምን አልጸደቅህም?» እንለዋለን።

እንግሊዝ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተው ቤሪ፣ ባለቤቱ ክለቡን ማስተዳደር አቅቶት በነሐሴ 2019 ከሊግ ተባርሯል፤ ተጫዋቾቹም ደሞዝ ሳያገኙ ቆይተው ነበር። ልዩነቱ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አገር ጉድ ይላል፤ እኛ ጋ ግን የተለመደ የማክሰኞ ዜና ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የአንድ ዓመት ውል ከየት መጣ?

አብዛኛው የክልል ከተማ ክለብ የሚኖረው ከመንግሥት በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ምክር ቤቱ ለክለቡ የሚመድበው ገንዘብ ለዚያው ዓመት ነው። የክለቡ ኃላፊ በመጪው ዓመት ስንት እንደሚሰጠው አያውቅም፤ እሱ ራሱ በወንበሩ ላይ ይኑር አይኑር አያውቅም። ስለዚህ የሦስት ዓመት ውል ለመፈረም እጁ ይንቀጠቀጣል። ተጫዋቹ የሚያገኘው ውል የበጀቱ ጥላ ነው። በጀቱ አጭር ስለሆነ ውሉም አጭር ነው።

የዚህን ኪሳራ እናስላው። ለአንድ ዓመት ያስፈረምከው ተጫዋች ዓመቱ ሲያልቅ ነፃ ነው። ሌላ ክለብ ሲወስደው ለአንተ አንድ ብር አይከፍልም። ዓመቱን ሙሉ ደሞዝ ከፍለህ፣ አሠልጥነህ፣ ስሙን አስጠርተህ በባዶ እጅህ ትቀራለህ። በሚቀጥለው ሐምሌ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራለህ፦ አዲስ ተጫዋች፣ አዲስ ውል፣ አዲስ ደላላ። ደላላውን ልብ በሉልኝ። 20 ተጫዋች የሦስት ዓመት ውል ቢኖረው፣ ደላላው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚበላው። የአንድ ዓመት ውል ከሆነ ሦስት ጊዜ ይበላል። እንግዲህ የአጭር ውል ወዳጅ ማን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ፍረዱ።

ውጤቱን በአርባ ምንጭ ከተማ ላይ አይተነዋል። ክለቡ በ2004 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። በ2010 ወረደ። በ2014 ተመለሰ። በ2015 እንደገና ወረደ። በ2017 እንደገና ተመለሰ። ይህ የእግር ኳስ ክለብ ጉዞ ነው ወይስ የአሳንሰር? በወረደ ቁጥር ቡድኑ ይበተናል፤ ባደገ ቁጥር ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። ያሳደጉት ልጆችና ሊጉ ላይ የሚጫወቱት ልጆች ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ታዲያ ማሊያውን አያከብርም የምንለው የትኛውን ተጫዋች ነው? ከማሊያው ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ የሰጠነው ማንን ነው?

የሌሎቹንም እንይ። ደደቢት በ2005 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር፤ በ2011 ወረደ፤ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው የለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ባደገ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ከዚያ ደሞዝ አልተከፈለንም ያሉ ተጫዋቾች ልምምድ ያቆሙበትን ዜና ደጋግመን ሰማን፤ በ2014 ክለቡ ወረደ። ሻምፒዮን የሚያደርግ ቡድን በአንድ ክረምት መግዛት ይቻላል። ክለብ ግን በአንድ ክረምት አይገዛም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ስለ ዝውውር መስኮት የተናገሩ ይመስል።

በአንጻሩ ያለፉትን የ2016 እና የ2017 ዓ.ም ዋንጫዎች ማን ወሰደ? ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኢትዮጵያ መድን። አንዱ ባንክ፣ ሌላው የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። ሁለቱም ከታችኛው ሊግ ከተመለሱ ብዙ ያልቆዩ ነበሩ። ተጫዋች ወደ እነሱ ቢሄድ «ገንዘብ ወዳድ» እንለዋለን። እኔ ግን ደሞዙ ወር በገባ ቁጥር የሚደርሰው መሥሪያ ቤት ፈልጎ የሄደ ሠራተኛ ነው የምለው። መምህር፣ ነርስ፣ ሾፌር የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

አርባ ምንጭ ራሷ ይህን ሌላ መንገድ ታውቀዋለች። በአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ስም የሚጠራ ቡድን ነበራት። በድርጅት ቡድኖች ዘመን ብዙ ተጫዋች የድርጅቱ ሠራተኛ ነበር፤ ጫማውን ሲሰቅል የሚመለስበት ሥራ ነበረው። ያ ዘመን ይመለስ አልልም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ያኔ ተጫዋቹን ያቆየው ከዛሬው የበለጠ የከተማ ፍቅር ስለነበረው ነው ወይስ ኑሮ ስለነበረው?

ሌላም ጉድ አለ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ፣ በኮሮና ጊዜ በተጀመረውና ከሱፐርስፖርት ሥርጭት ጋር በዘለቀው አሠራር፣ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በጥቂት የተመረጡ ከተሞች እየዞሩ ይካሄዱ ጀመር፦ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር። አርባ ምንጭ ከተማ በ2014፣ በ2015 እና በ2017 ፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት የአርባ ምንጭ ሕዝብ ቡድኑን በሜዳው አላየም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! በጀቱ ከአርባ ምንጭ ይወጣል፤ ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ ትኬቱ ሌላ ከተማ ይቀራል። ተጫዋቹም ዓመቱን ሙሉ ከሆቴል ሆቴል ይዞራል። ለአንድ ክለብ እየተጫወተ እንኳ ዘላን አድርገነዋል። ከተማዋን ሳያያት፣ ሕዝቡን ሳያውቀው፣ ሴቻ ላይ አንድ ቡና ሳይጠጣ «ለከተማው ፍቅር የለውም» ማለት ግፍ ነው።

ተቃራኒውን ሐሳብም ልስማ። «ተጫዋቾቹም ንጹሕ አይደሉም» የሚል ወዳጅ አለኝ። ከሁለት ክለብ ጋር የሚደራደር፣ ውሉን ሳይጨርስ የሚጠፋ፣ ጨዋታ ላይ የሚለግም አለ ይላል። አለ፤ አልክድም። ነገር ግን አንድ ሌባ ነጋዴ ስላለ ገበያውን በሙሉ ሌባ አንልም። ደግሞም ቃሉን የማይጠብቅ ተጫዋች የተማረው ቃሉን ከማይጠብቅ ክለብ ነው። ወር አልፎ ወር ደሞዝ ያልከፈለ አስተዳደር ስለ ታማኝነት ሲሰብክ መስማት ያስቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አክብሬ እመልሰዋለሁ። «በደቡብ የመምህራን ደሞዝ ዘገየ እየተባለ፣ ለኳስ ተጫዋች የሕዝብ ገንዘብ ለምን ይሰጣል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይህ ጥያቄ ሊድበሰበስ አይገባም። ነገር ግን መልሱ ተጫዋቹን መስደብ አይደለም። ገንዘቡ የሕዝብ ከሆነ ሒሳቡም የሕዝብ መሆን አለበት። ክለቡ ዘንድሮ ስንት ተቀበለ? ለስንት ተጫዋች ስንት ከፈለ? ለሆቴል ስንት ወጣ? ዕዳው ስንት ነው? ይህን በአደባባይ የማይናገር ክለብ ከመምህሩም ከተጫዋቹም ጉሮሮ ነው የሚነጥቀው።

ኳሳችን ገንዘብ ባጠረው ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው የተጫዋቹ ኪስ ነው። በ2011 ዓ.ም ማብቂያ የተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የክለቡ ሒሳብ ለደጋፊ ይገለጥ የሚል ውሳኔ ግን አብሮት አልመጣም። እንግሊዞችም በዚህ አልፈዋል፤ የእነሱ ጣሪያ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው የተጫዋቾች ማኅበር በጂሚ ሂል መሪነት ሥራ እናቆማለን ብሎ በ1961 ጣሪያውን አስነሣ። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክለቡ ፈቃድ እንዳይሄድ የሚያስረውን አሠራር ደግሞ ጆርጅ ኢስትሃም ፍርድ ቤት ሄዶ በ1963 አስነቀፈው። ያን መብት ያመጣው የክለብ ባለቤቶች ቸርነት አይደለም፤ ተጫዋቾቹ አንድ ላይ መቆማቸው ነው። በታችኛው እርከን የሚጫወተው ሴሜዶም የኖረው በዚያ ጥላ ሥር ነው።

የዓለም ደንብም ከተጫዋቹ ጎን የሚቆምበት ቦታ አለው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2018 ባስገባው አንቀጽ መሠረት፣ ክለብ ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ያለ አግባብ ካስቀረ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆና ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ስንት የከፍተኛ ሊግ ተጫዋች አለ? ያወቀስ እንደሆነ «ረባሽ» ተብሎ በሚቀጥለው ክረምት ክለብ እንዳያጣ የሚጠብቀው ማን ነው?

ክለቦችም የሚጠቀሙበት ደንብ አለ። አንድ ተጫዋች በውሉ ዘመን በክፍያ ወደ ውጭ ሲዘዋወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ልጅ ያሳደገና መዝገብ የያዘ ክለብ ያገኛል፤ በየክረምቱ ሰው የሚሰበስብ ግን ምንም አያገኝም። የጋሞ ምድር ልጅ አጥቷት አያውቅም። በ2005 ዓ.ም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በተመለሰው ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ የነበረው ደጉ ደበበ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙ ገነነ፤ በኋላም ለጎረቤት ወላይታ ድቻ ተጫወተ። ጨንቻ እንኳ ጋሞ ጨንቻ በሚል ስም ከፍተኛ ሊግ የደረሰ ቡድን አውጥታለች። ዘሩ አለ፤ የጠፋው እርሻው ነው።

ስለዚህ የአዞዎቹ ደጋፊ ሆይ፣ ቁጣህን አልከለክልህም። አቅጣጫውን ግን አስተካክል። በመጪው ክረምት «እገሌ ለምን ሄደ?» ብለህ ከመጮኽህ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቅ።

አንደኛ፣ ከቡድኑ ቢያንስ ግማሹ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል ይኑረው። ምክር ቤቱም ለክለቡ የሚሰጠውን ድጋፍ የሦስት ዓመት ቃል አድርጎ ይወስን፤ አለበለዚያ ረጅም ውል ወረቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ክለቡ አቅሙ የማይችለውን ተጫዋች አያስፈርም። የአሥር ወር ገንዘብ ይዞ የአሥራ ሁለት ወር ውል መፈረም ማታለል ነው።

ሦስተኛ፣ ከበጀቱ የተወሰነው ድርሻ ለታዳጊና ለተስፋ ቡድን ብቻ ይመደብ፤ ዋናው ቡድን ቢቸገርም አይነካ። በየወረዳው ያሉ ልጆች ይመዝገቡ፤ ማን የት እንዳሠለጠናቸው ይጻፍ።

አራተኛ፣ የክለቡ ሒሳብ በዓመት አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ይህን ለመማር እንግሊዝ መሄድ አያስፈልገንም። የጋሞ አባቶች የጋራ ጉዳይ ሲኖር ዱቡሻ ይወጣሉ፤ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠይቃል፣ ይመልሳል። የመሬትና የእርቅ ጉዳይ ዱቡሻ ላይ ከታየ፣ የክለብ ሒሳብ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ የሚደበቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

እነዚህ ተሟልተው ተጫዋቹ ከሄደ ያን ጊዜ እንታዘበው። እስከዚያ ግን ቤት ሳንሰጠው ቤቱን ከዳ አንበል። በዚህ ክረምትም አንድ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ከአርባ ምንጭ መናኸሪያ ይሳፈራል። ከመስደብህ በፊት የመጨረሻ ደሞዙን ተቀብሎ እንደሆነ ጠይቀው።